ስንት ሚሊሜትር

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ውርጭ። የመኪናውን መስተዋት በመታወቂያ ጠርዝ ፋቅን። ፀሐይ ወጥታም ጣት አይታዘዝም፤ በዚህ ጣት ነው 0.1 ሚሊ ሊትር ቱበርኩሊን፣ የከብት ነቀርሳ (ቲቢ) መመርመሪያው፣ ቆዳ ውስጥ የሚወጋው፣ ከቆዳው ሥር ሳያልፍ።

ንጹሕ በረት። ሲሚንቶ ወለል፣ አዲስ ቆርቆሮ። የፈረንጅ ላሞች ጎን ለጎን ታስረዋል፤ የአንዷ ትንፋሽ ለሌላዋ። መስኮቶቹ ለብርዱ ሲባል በማዳበሪያ ጆንያ ተወትፈዋል። የሽንቱ ሽታ ዐይን ያስለቅሳል።

አንገት ላይ ሁለት ቦታ መላጨት። የቆዳውን እጥፋት በካሊፐር መለካት። 7። 8። 7.5። ከላይ የወፍ ቱበርኩሊን፣ ከታች የከብት። የበረቱ ባለቤት የወፉ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀችኝ። አፈርና ውሃ ውስጥ ያሉ የነቀርሳው ዘመድ ባክቴሪያዎችም ቆዳ ያሳብጣሉ፤ ከታችኛው እብጠት የላይኛውን ቀንሰን ነው የምንፈርደው አልኳት።

«ፍርድ ከሆነማ ይግባኝም ይኑረው» አለች። ሳቅን።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ቢሮ። መብራት የለም። የጥቅምት ሪፖርት አሁንም አላለቀም። ከሰዓት አንድ ሰው ዶሮ ይዞ መጣ። ሞታለች። ቢሆንም ትታይልኝ አለ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

72 ሰዓት ሞላ። ንባብ።

ንግሥት የምትባለዋ ትልቋ ላም፦ ከላይ 8 የነበረው 10፣ ከታች 8 የነበረው 23። ካሊፐሩን ሳላወጣም ያስታውቅ ነበር። እብጠቱ ይሞቃል፤ ስነካት አንገቷን ነጠቀችኝ። ቀጥላ ያለችውም ያው። ከዚያ ወዲያ ያለችውም። ከበረቱ ከግማሽ የማያንሱት።

ንግሥት በቀን 18 ሊትር ትሰጣለች። አልከሳችም፣ አታስልም፣ ፀጉሯ ያብረቀርቃል። ባለቤቷ ካሊፐሩን ሳይሆን ፊቴን ነበር የምታየው። «ታዲያ ምን ላድርጋት፣ ዶክተርዬ?»

ለይተሽ እሰሪያት። ወተቱን ሳታፈዪው ለማንም አትስጪ። ቤተሰቡም ሠራተኛውም ይመርመር። ከዚያ ወዲያ የምለው አለቀብኝ። ትታረድ ብል ካሳ የሚከፍላት የለም፤ ትቆይ ብል ደግሞ 23ን አይቻለሁ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ተኛሁ። ማታ ሁለቱን ጥናቶች አወጣሁ። የአንድ ቡድን ሥራ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት፣ ሁለቱም እዚሁ አገር።

እ.ኤ.አ. 2006፦ ቤት ታስረው የሚቀለቡት ቁስላቸው የከፋ፣ መስክ የሚውሉት የቀለለ። ነጭ ሕዋሱ ለቱበርኩሊን የሚሰጠው መልስ፣ ኢንተርፌሮን ጋማውም፣ በታሰሩት ላይ የበዛ። ዋናው አያያዝ ነው ይላል።

እ.ኤ.አ. 2007፦ መካከለኛው ደጋ፣ ሁሉም መስክ የሚውሉ 5,424 ከብቶች። ሆልስታይን 22.2 በመቶ፣ የሀበሻው ዜቡ 11.6 በመቶ። ታርደው ሲታዩ ቁስሉም በሆልስታይኖቹ የባሰ። ግጦሹ አንድ ሆኖ ልዩነቱ ካልጠፋ ዘር ነው ማለት ነው።

ሁለቱ አይጣሉም። የሚያስቸግረው የሴትዮዋ በረት ሁለቱንም አንድ ላይ መያዙ ነው፦ የፈረንጅ ዘር፣ የተወተፈ መስኮት። አየር ቢገባ ስንቷ ትድን ነበር? የዘሩ ድርሻ አየር ገብቶም የሚቀረው ነው። እሱን የሚለካ ካሊፐር የለኝም።

አንዲት ቁጥር አልለቅ አለችኝ። ዲቃላዎቹ 11.9። መሐል ላይ መውደቅ አልነበረባቸውም? የፈረንጅ ደም ተቀላቅሎባቸው ከሀበሻዋ እኩል ቆሙ። እንቅልፍ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ገጠር ወጣን። መኪናው ከቤተ ክርስቲያኑ አላለፈም፤ ሣጥኑን ተሸክመን በእግር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ክፉ።

ገበሬው አባባ ላሞቻቸውን በስም እየጠሩ አወጡ። ዳልቻ፣ ቦራ፣ ወርቄ። ትንንሽ፣ ሻኛቸው የቆመ፣ ለመላጨት እንኳ የማይመቹ። ዳልቻ ምላጩ ሲነካት ቆዳዋን ታርገፈግፋለች፤ እጥፋቱን ለመያዝ ሦስት ሰው። 5 ሚሊሜትር። ስስ ናት። በቀን ስንት ትታለባለች አልኩ። «ጥጃዋ ከጠገበ 2 ሊትር።»

«የሀበሻ ላም ነቀርሳ አታውቅም ልጄ። በከንቱ ነው የምትደክሚው። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት የለም።» ላይታይ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ከውጭ ምልክት የለውም አልኳቸው። «ካልታየ ምኑን ታመመች?» አሉ።

መልስ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ቀን መስክ፣ ማታ ጉረኖ። ብርድ ሲጠና ጥጃዎቹ ሰው ከሚያድርበት ቤት ይገባሉ። አሬራ ቀረበልኝ። ጾም ገና አልገባም፣ ምክንያት አጣሁ። ቡና ይሻለኛል አልኩ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሚካኤል። ከተማው በጭስ ታፍኗል፤ የደጁን ቆሻሻ ያላቃጠለ የለም። በ1911 ኅዳር ያን ሁሉ ሰው የፈጀው ወረርሽኝ መታሰቢያ መሆኑን ልጆቹ አያውቁም፤ እሳቱን ይወዱታል። አያቴ የሰማችውን ስትነግረን በአንድ መደብ ከተኙት አንዱ ሳያስነጥሰው ተነሣ ትል ነበር። ለምን እሱ? እግዜር ያውቃል፣ ያልፋል ወሬው።

ስለ ከብቱ ሳስብ ዋልኩ። ክፉ ቀን። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣልያን ለጦሩ በምጽዋ ካስገባው ከብት ጋር የመጣው ደስታ በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደጨረሰ ይነገራል። የአባባ ዳልቻም ያን ጊዜ ከተረፉት ወገን ሳትሆን አትቀርም። የተረፉት ግን ደማቸው ስለበረታ ነው? ወይስ አንዷ ገደል ውስጥ ተነጥላ ቀርታ በሽታው ሳይደርስባት? ሁለቱም ተርፈዋል፣ ሁለቱም ወልደዋል። የዕድለኛዋንና የብርቱዋን ዘር አሁን ማን ይለያል። ደስታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታውጇል፤ የሚፈትናቸው የለም። እሰየው።

ጭሱ እስከ ማታ አልወጣም። ራስ ምታት።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

የአባባ መንጋ ንባብ።

ዳልቻ፦ ከላይ 5 የነበረው 6፣ ከታች 5 የነበረው 8.5። ልዩነት 2.5። ቦራ 3። ወርቄ 1። ጊደሯ ምንም። በሬው 5።

የተለመደው መስመር 4 ሚሊሜትር ነው። በ4 ብቆርጥ ከበሬው በቀር መንጋው ነጻ፣ አባባ ልክ። ለእኛ ዜቡዎች 2 ይሻላል የሚልም ጥናት አለ፣ ታርደው ከታዩት ጋር ተነጻጽሮ። በ2 ብቆርጥ ዳልቻም ቦራም ታማሚ። ላሞቹ ያው ናቸው፣ ከፊቴ ቆመው ያመሰኳሉ።

4 የወጣው ከፈረንጅ ከብት ነው። የዜቡዋ ቆዳ ተይዛም የማያብጥ ከሆነ፣ ቀድሞ የምንመካበት «ብርታት» ከፊሉ የመለኪያው ይሆናል። ሁሉም ግን አይደለም፤ የ2007ቱ ታርዶም ታይቷል፣ ቁስሉ ራሱ ቀሏል።

ታዲያ ትንሽ እብጠት ምንድን ነው? ቱበርኩሊኑን አውቆ የሚያሳብጠው ሕዋስ ሳንባ ውስጥም ባክቴሪያውን የሚከበው እሱ ነው። ሲከብ ያቆስላል። ቁስሉ የጠላትም የራስም ሥራ ነው። ኢንተርፌሮናቸው የበዛው እነዚያ በረት የታሰሩት ቁስላቸውም የከፋ ነበር። ብዙ መልስ ጥሩ መልስ ነው ብዬ ነው የተማርኩት። ዳልቻ ዝም ያለችው ችላው ነው ወይስ ሳታየው?

«ነጻ ናት አይደል?» አሉ አባባ።

ሁለት ዓይነት አቆጣጠር አለ አልኳቸው።

«አንዱን ንገሪኝ።»

የ2ን ነገርኳቸው። ወተቱ ይፍላ። ቅር እንዳላቸው ሸኙኝ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጾመ ነቢያት ገባ። ወተት ገዢ የለውም። የበረቷ ባለቤት እየናጠች ለገና ቅቤ ታጠራቅማለች። «ቅቤውስ?» ብላ ደወለች። ይነጠር። ለጋ ለሚወዱት ምን እንደምትላቸው ጠየቀችኝ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ጾም ነውና ቄራው ቀዝቅዟል። ጥቂት በሬዎች ብቻ።

አንድ ጠይም ዜቡ። ሳንባው ሮዝ፣ ለስላሳ፤ ደጋግሜ ዳሰስኩት፣ ምንም። የጉሮሮው ንፍፊቶች ንጹሕ። አንጀቱ ሲዘረጋ ግን ከንፍፊቶቹ አንዱ አብጧል። ቢላዋው ሲገባ ተንኮሻኮሸ። ውስጡ ቢጫ፣ ደረቅ፣ እንደ ቆየ አይብ የሚፈረፈር፤ ዙሪያውን ወፍራም ነጭ ቅርፊት። ቅርፊቱን በጣቴ ጫንኩት፣ አልሰጠም። ሰውነቱ አጥሮ ዘግቶበታል።

የ2007ቱም መስክ በሚውሉት ላይ ክፉኛ የተመታ ያገኘው የአንጀትን ንፍፊት ነው። ከእሱ ከተወሰደው ናሙና ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ የበቀለው ደግሞ 31.5 በመቶው ብቻ።

ስለዚህ ይህ በሬ አሸናፊ ነው ልበል? አልደፈርኩም። በሣርና በውሃ፣ በአፉ የገባበት ይሆናል፤ ንግሥት ደግሞ ከጎረቤቷ ትንፋሽ፣ በቀጥታ ሳንባዋ። ጠላቱ አንድ፣ በሩ ሌላ። አቅም ያልኩት በር ሊሆን ይችላል።

መርማሪው አንጀቱን አስወገደ፣ ሥጋው ማህተም ተመታበት። ቢላዋ የያዘው ልጅ ጓንት የለውም። ነገርኩት። ሳቀ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ከአዳቃዩ ጋር ቡና። የኮርማ ዘር የሚያቆይበት ናይትሮጅን አልቆበት ተበሳጭቷል። «ዘሩን አትውቀሺ፣ በረቱን ውቀሺ» ይላል።

እንግሊዞቹስ አልኩት። ያን ሁሉ ዘመን መርምረው፣ አርደው፣ ካሳ ከፍለው ከነቀርሳ አልወጡም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለሆልስታይን ኮርማዎች ልጆቻቸው ነቀርሳን ምን ያህል እንደሚቋቋሙ የሚያሳይ ነጥብ ያወጣሉ። አልሰማም ነበር፤ ፊቱ በራ። «ታዲያ የዚያን ኮርማ ዘር እናስመጣ!»

ነጥቡ ከምን እንደሚወጣ ነገርኩት። ከቆዳ ምርመራ መዝገብና ከቄራ ውጤት። ዞረን ዞረን ካሊፐሩ ጋ። ልጆቹ የማያብጡ ኮርማ የማይታመሙ ልጆች አሉት ወይስ የማይታወቅባቸው?

«ቄራው ይለየዋል።»

በከፊል።

የኦስቦርንዴል አይቫንሆን ነገር አነሣሁበት። እ.ኤ.አ. በ1952 የተወለደ የአሜሪካ ኮርማ። የልጆቹና የልጅ ልጆቹ ዘር በየአገሩ ተሸጠ፤ ወተት ነበራ። ከዚያ ጥጃዎች ይሞቱ ጀመር። ድዳቸው ይቆስላል፣ ሳንባቸው ይመታል፣ መድኃኒት አይዘልቅባቸውም። ደማቸው ሲታይ ነጭ ሕዋስ ሞልቷል፣ ከጤነኛ ጥጃ እጅግ በልጦ። ግን ከደም ሥር ወጥቶ ቁስሉ ጋ አይደርስም፤ የደም ሥሩን ግድግዳ ይዞ የሚወጣበት ፕሮቲን ሲዲ18 ተበላሽቷል። በአንዲት ፊደል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሲታወቅ ከተመረመሩት የአሜሪካ ኮርማዎች 14 በመቶው ተሸካሚ ሆኖ ተገኘ። ተሸካሚው ራሱ ጤነኛ፣ ልጆቹ ወተተኛ። የሚያሳጣው ሁለት ተሸካሚ ሲገናኝ ነው።

«አሁን ይመረመራል እኮ።»

ይመረመራል። በአንዲት በራሂ ላይ ያለ ስለሆነ ተገኘ። የነቀርሳው መቋቋም ግን በብዙ በራሂዎች ላይ ጥቂት ጥቂት ተበትኗል፤ አንዱን ይዘህ «ይኸው» አትልም። እሱ አሁንም የእንግሊዙን ኮርማ ዋጋ ያሰላ ነበር።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ከሁለቱም ቦታ ደም ቀዳን፣ ለኢንተርፌሮኑ። ደሙ በሕይወት መድረስ አለበት፤ ነጭ ሕዋሱ ከቱበርኩሊን ጋር አድሮ ነው መልሱን የሚሰጠው። ወደ ላብራቶሪ ስንወስደው ሸኖ ላይ መንገዱ ተዘግቶ መለሱን።

ብልቃጦቹ አሁን ማቀዝቀዣ ውስጥ ናቸው። ለዲኤንኤ ይሆናሉ። ዘሩን ለማንበብ የሞተ ደም ይበቃል። ዘሩ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ግን አይበቃም። ተናደድኩ፣ እራት አልበላሁም።

የበረቷ ባለቤት መስኮቶቹን ከፍታቸዋለች። ላሞቹ በርዷቸው ወተት ቀነሱ ብላ አኩርፋኛለች።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ሚዛን ተፈሪ ያለችው የክፍል ጓደኛዬ ደወለች። እዚያ ይዘንባል። እዚህ ከንፈር ይሰነጥቃል።

የሸኮ ከብቶቹን አየሁ አለች። ትንንሽ፣ ሻኛቸው እምብዛም የሌለ፣ ቀንዳቸው አጭር፣ አንዳንዱም ጎዳ። በቆላ ዝንብ መሐል የሚኖሩ። በጊቤ ሸለቆ ከሆሮ፣ ከአቢጋርና ከጉራጌ ከብት ጋር ተወዳድረው ዝንቡ የሚያመጣው የገንዲ ጥገኛ በትንሹ የተገኘው በእነሱ ደም ውስጥ ነበር። ሆኖም ባለቤቶቹ ከሌላ እያዳቀሏቸው ንጹሑ እየጠፋ ነው አለች። ለምን ስትል በሬው ለእርሻ ትንሽ ነው ይሏታል። ምን ይበሉ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የናይሮቢው ሙከራ ትዝ አለኝ። የምዕራብ አፍሪካው ንዳማ ገንዲን ይችላል፤ ከእኛው ቦረና የሄደው ቦራን አይችልም። የሁለቱን ፅንስ በአንዲት ላም ማሕፀን አስቀመጡ። የከብት መንታዎች ማሕፀን ውስጥ ደም ይለዋወጣሉ፤ ንዳማው ጥጃ ደሙ በአብዛኛው ከቦራን የመጣ ሆኖ ተወለደ። ገንዲ ሲሰጠው ደም ማነስ እንደ ቦራን ጣለው። ጥገኛውን ግን እንደ ንዳማ ይዞ አቆየው። አንድ «መቻል» ያልነው ሁለት ሆነ፦ አንዱ ደም ሠሪው ውስጥ፣ ሌላው ሌላ ቦታ።

ጥገኛው መጉዳት አለመቻሉና መብዛት አለመቻሉ ይለያያሉ። ዳልቻን የትኛው ጋ ላድርጋት? 2.5 አይነግረኝም።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ንግሥት ተሸጠች። ከሳምንት በፊት ነው፣ ዛሬ ነው የነገረችኝ። ገዢው ምርመራ ጠየቀ ወይ አልኳት። «ስለ ወተቷ ነው የጠየቀኝ።» የት እንደሄደች አልጠየቅኳትም ነበር፣ ራሷ ተናገረች፦ ሌላ በረት፣ ከሌሎች ላሞች ጎን። ልቆጣት አሰብኩ። የ18 ሊትር ላም ዋጋ ከኪሴ አውጥቼ የምሰጣት ይመስል።

ማታ ወደ 11.9 ተመለስኩ። ክሮሞዞም 23 ላይ ያለችው ዲአርቢ3። ሕዋሱ ከሰበረው ባክቴሪያ ቁራጭ ይዞ ለነጭ ሕዋስ የሚያሳየውን ፕሮቲን የምትሠራ። ከላም ላም እጅግ የምትለያይ በራሂ ናት፤ አንዱ ዓይነት የያዘውን ቁራጭ ሌላው አይዝም። በከብት ሉኪሚያ ቫይረስ የተያዙ ላሞች እንኳ በዚችው በራሂ ዓይነት አንዷ ደሟ በቫይረስ ይሞላል፣ ሌላዋ ዝቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ማርቲኒክ ላይ የብራህማን ከብት ቆዳ የሚያበላሸውን በሽታ ይህችኑ አካባቢ እያዩ ኮርማ በመምረጥ በ5 ዓመት ውስጥ እምብዛም እንዳይገኝ አድርገውታል።

ዲቃላዋ ከእናቷ አንድ፣ ከአባቷ ሌላ ትወርሳለች። ሁለት የማይመሳሰሉ፣ ስለዚህ ብዙ ቁራጭ። ለዚህ ይሆን ከሀበሻዋ እኩል የቆመችው? ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ደስ ስላለኝ ነው የምጠረጥረው። ዲቃላዎቹን ገበሬው እንደ ፈረንጅ ላም አላሰራቸውም ይሆናል፣ ዕድሜያቸው ሌላ ይሆናል። ደግሞም አዳቃዩ አሁን ከግማሹ አልፎ 75 በመቶ፣ ከዚያም በላይ እየገፋ ነው። ሦስተኛው ትውልድ ላይ የሀበሻዋ ድርሻ ስንት ይቀራል።

ብርድ። ብርድ ልብስ ደረብኩ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

አባባ ጋ። ዳልቻ ኮርማ ፈልጋለች። ልጃቸው አዳቃዩን በስልክ ጠርቶ ቆይቷል። ወተት ይፈልጋል፤ ከተማ ወንድሙ ዲቃላ አለው፣ በቀን 9 ሊትር።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ አባባ፣ ልጃቸው እየሰማ። የበሬውን 5 አልረሱም፤ ለይተው አስረውታል። የመጀመሪያው ዲቃላ ይሁን፣ ከዚያ በላይ ግን የፈረንጅ ደም እንዳይጨመርበት አልኩ። ለምን ግማሽ ላይ አለ ልጁ። ጥናት አለ አልኩት። አንድ ጥናት። እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ መስክ ይዋሉ፣ አይታሰሩ። ልጁ 9 ሊትር መስክ ውሎ አይመጣም አለ። እውነቱን ነው።

አዳቃዩ በሞተር ደረሰ። ናይትሮጅን አግኝቷል። ስትሮውን በሞቀ ውሃ ነክሮ እያየ ቆመ። ዳልቻ ተያዘች፣ ብዙም አላስቸገረች። የኮርማውን ቁጥር ልመዝግብ ስትሮውን ተቀበልኩት። ጽሑፉ ደብዝዟል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች 38 ወይም 36 ናቸው። ሁለቱንም ጻፍኩ።